መጋረጃው እስኪወርድ

ባለፈው ዒድ ልጆቼን ይዤ እናቴን ለመጠየቅ አሰላ ሄጄ ነበር። ከሰዓት በኋላ ትልቋ ልጄ በስልኳ ፊልም ከፈተች። እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን ትቆጥራለች። ፊልም አታይም፤ አትወድምም። ስልኩ ላይ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ልብስ እየተኮሰች ታንጎራጉራለች። ከኋላዋ ያለው በር ገርበብ ብሏል። ሌላ ምንም የለም።

እናቴ መቁጠሯን አቆመች።

«ይቺን ሴትዮ የደበቋት ነገር አለ» አለች።

ልጄ ቀና ብላ አያቷን አየቻት። «አኮ! አይተሽዋል እንዴ?»

«አላየሁም።»

ወደ መቁጠሪያዋ ተመለሰች። እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ተነስቼ ጓሮ ወጣሁ። ጉሙ ከጭላሎ ተራራ ወርዶ የጎረቤቱን ጣሪያ ሸፍኖታል። ያ ክረምትም እንዲህ ያለ ጉም ነበረው። አሥር ዓመቴ ነበር።

በሰፈራችን አንድ ቦኖ ነበረ። ትይዩው የጋሽ ከድር ቪዲዮ ቤት ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ መቀመጫው አግዳሚ፣ በሩ ላይ ወፍራም ቡናማ መጋረጃ። ለቤታችን ውሃ የምቀዳው እኔ ነበርኩ። ጀሪካኔን ወረፋ አስይዤ ስቆም ዓይኔ በቀጥታ የሚያርፈው ቴሌቪዥኑ ላይ ነው። ጋሽ ከድር ፊልም ሲጀምር በሩን አይዘጋም። መጋረጃውን ሰብስቦ ምስማር ላይ ያንጠለጥለዋል። አላፊ አግዳሚው ቆም እንዲል ነው። የሰዉ ልብ መንጠልጠሉን ሲያይ መጋረጃውን ይለቀዋል። ቀሪውን የፈለገ ይገባል።

እናቴ ቪዲዮ ቤት እንድገባ አትፈቅድም። ስለዚህ የፊልም መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይቼ አላውቅም ነበር።

የህንድ ፊልም ሲሆን ግድ የለኝም። ልብ አንጠልጣይ ሲሆን ግን ጀሪካኔ ሞልቶ ሲፈስ አላይም። አንድ ሰውዬ ጫማውን ይጠርጋል፤ ስልክ ይጮሃል፤ አያነሳውም። ስልኩ እየጮኸ እሱ መጥረጉን ይቀጥላል። አንዲት እናት ለልጇ ፀጉር ትሠራለች፤ በመስኮቱ በኩል አንድ መኪና ያልፋል፤ ትንሽ ቆይቶ ያው መኪና ተመልሶ ያልፋል። ማንም አልተመታም፤ ማንም አልጮኸም። እኔ ግን እጄ በላብ ይረጥባል። ከዚያ መጋረጃው ይወርዳል።

ጋሽ ከድር ፊልሙን በማይክራፎን የሚተረጉመው ራሱ ነበር፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ። እንግሊዝኛ አያውቅም ይባላል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አፉ አያርፍም፤ ተዋናዩ ሲያስነጥስ እንኳ «ይማርህ» ይላል። በልብ አንጠልጣይ ፊልም መጀመሪያ ላይ ግን ዝም ነው የሚለው።

አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኩት።

«ጋሽ ከድር፣ መጀመሪያው ላይ ለምን አይተረጉሙም?»

«አንቺ ሌባ ተመልካች! አሁን ደግሞ በነፃ ላስተምርሽ ነው?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ጎንበስ አለልኝ። «ስሚ። ሰው ድምፅ ከሰማ ብቻውን አይደለም። እኔ ዝም ስል ቤት ሙሉ ሰው እያንዳንዱ ለብቻው ይቀመጣል። ያኔ ነው የሚፈራው።»

«ግን እኮ ምንም አልተደረገም።»

«እሱ ነዋ! ጩቤውን ካሳየሽው ሰው ይለምደዋል። ሴትዮዋ ሽንኩርት እየከተፈች ስትዘፍን አሳዪው። ተመልካቹ አንድ ነገር ያውቃል፤ እሷ አታውቅም። ከዚህ በላይ የሚያስፈራ ምን አለ?»

ይህን ትምህርት ይዤ ወደ ቤት ሄድኩ። ባልያዝኩት ይሻለኝ ነበር።

አባቴ ጀማል አይሱዙ ይነዳ ነበር። ብዙውን ጊዜ ከጢቾና ከአርቦዬ ገብስና ስንዴ ይጭናል። በሐምሌ መጀመሪያ ግን ከጓደኛው ከሁሴን ጋር፣ ሁለቱም በየመኪናቸው፣ ወደ አፋር በረሃ የሚሄድ ጭነት ያዙ። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሰባተኛ ወሯ ነው። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባታል።

ለአንባቢዬ አስቀድሜ ልንገረው። አባቴ በወጣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን መኪናው ተገልብጦ ሞተ፤ አላህ ይዘንለት። እዚያው በረሃ ላይ በዕለቱ ቀበሩት። ሁሴን ብቻውን ተመልሶ ለመስጊዱ ሽማግሌዎች ነገራቸው። ሽማግሌዎቹ ለጎረቤታችን ለአዴ ሸምሲያ፣ እሷ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ ክፍል ተከራይታ ለምትኖረው ለሲስተር ነገረቻት። ሲስተር ከጎጃም ተመድባ የመጣች ነርስ ናት። የእናቴ የደም ግፊት ከፍ ማለቱን የምታውቀው እሷ ነበረች።

«አሁን ከሰማች ልጁም እሷም አይተርፉም» አለች።

«እንግዲያው መርዶው ከወሊድ በኋላ ይሁን» ተባለ።

«ልጅቷስ?»

«የልጅ ፊት ይናገራል። እሷም አትስማ።»

ይህን ሁሉ የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው በማግስቱ ያየሁትን ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቦኖው ጋ ስደርስ ወረፋው ተከፈተልኝ። ጀሪካኔን በእግሯ ገፍታ የምትቀድመኝ ሴትዮ፣ «ነይ፣ ኢንተላ ኮ፣ ነይ ልጄ፣ አንቺ ቅጂ» አለችኝ። ቀድቼ ስጨርስ እስከ በራችን ተሸከመችልኝ። የቪዲዮ ቤቱ በር ተዘግቷል። ጋሽ ከድር ደጃፉ ላይ ቆሟል።

«ጋሽ ከድር፣ ዛሬ ፊልም የለም?»

«ማሽኑ ታሟል፣ ልጄ።»

ሌባ ተመልካች አላለኝም። ልጄ አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ። መንገዱ ጭር አለ። የሚሰማው በቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ነበር።

ቤት ውስጥም ነገሩ ተለወጠ። ሴቶች በየተራ ይመጣሉ። እናቴን ብቻዋን አይተዋትም። አንዷ ስትወጣ አንዷ ትገባለች። ጮክ ብለው ይስቃሉ፤ እኔ ስገባ ሳቁ ይቆማል፤ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። አባቴ ለምን እንደዘገየ እናቴ ሳትጠይቃቸው ይነግሯታል።

«መንገዱን ጎርፍ ቆርጦታል አሉ፤ መኪና አያሳልፍም።»

«ክረምት አይደል፤ ሁሌም ነው።»

እናቴ «ኢንሻአላህ ይከፈታል» ትላለች። ወትሮም ቃል አታበዛም፤ ያን ሰሞን ደግሞ ይበልጥ ቀነሰች። ዓይኗን መኳል ትታ ነበር። ጉትቻዋን አውልቃ በመሀረብ ቋጥራለች። የቤት ውስጥ አሮጌ ቀሚሷን እንጂ ሌላ አትለብስም። ከግቢ አትወጣም። ሴቶቹ «እርግዝናው ከብዷት ነው» እያሉ ይንሾካሾካሉ።

ጋሽ ከድር እንዳስተማረኝ ሆኖ ታየኝ። አንዲት ሴት ሽንኩርት ትከትፋለች። ሁሉም አንድ ነገር ያውቃል። እሷ አታውቅም።

ታዲያ ገዳዩ ማን ነው? ያየኋቸው መጀመሪያዎች መልሱን ሰጡኝ። ሁልጊዜ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ንጹሕ ልብስ የለበሰ፣ ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ነው። በግቢያችን እንዲህ ያለ ሰው አንድ ብቻ ነበር። ነጭ ጋውን ለብሳ ትመጣለች። የእናቴን ክንድ በጥቁር ጨርቅ ጠቅልላ ትነፋለች። ቁጥሩን ታያለች፤ ለእናቴ አትነግራትም። በር ላይ ወጥታ ለአዴ ሸምሲያ በጆሮዋ ትነግራታለች። አዴ ሸምሲያ አፏን በሻሿ ትይዛለች።

ሲስተር ክኒኑን የምትሰጠው ለእኔ ነበር። «እናትሽ ሐሳቧ ተበታትኗል። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ስጫት፤ አደራ» ብላኛለች። መጀመሪያ ሰጠኋት። ከዚያ መስጠት ተውኩ። እናቴ አልጠየቀችኝም። ክኒኖቹን በጋዜጣ ጠቅልዬ ከአልጋዬ ኋላ ባለው የግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ወተፍኩ። ሲስተር «ሰጥተሻታል?» ስትለኝ «አዎ» እላለሁ። ስንት ቀን እንደሆነ አላስታውስም። ጥቂት አልነበረም።

የእናቴ እግር አበጠ። ጫማዋ እምቢ አለ። ጠዋት ስትነሳ ግድግዳውን ትይዛለች። ግንባሯን በመሀረብ አሥራ ትውላለች። እኔም እልክ ያዘኝ። ባልሰጣትም መርዙ እየሠራ ነው ብዬ አሰብኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሲስተር የእናቴን ክንድ ስትለካ ፊቷ ተለዋወጠ። ሁለተኛ ለካች። በር ላይ ለአዴ ሸምሲያ፣ «ክኒኑ ምንም አልሠራም። ነገ ከበድ ያለውን ነው የማመጣላት» ስትል ሰማኋት።

ከበድ ያለውን።

ሁለቱ እንደወጡ ጋዜጣውን ከስንጥቁ አውጥቼ እናቴ ጭን ላይ ዘረገፍኩት።

«እማዬ፣ ሲስተር የሰጠችሽ መርዝ ነው። እኔ ደብቄዋለሁ። ነገ ደግሞ የባሰውን ልታመጣ ነው።»

እናቴ ክኒኖቹን አየች። በጣቷ አንድ አንዱን ነካካች።

«መርዝ ነው ያለሽ ማን ነው?»

«ማንም። ግን ሁሉም ይንሾካሾካሉ። ስገባ ዝም ይላሉ። የሆነ ነገር እየደበቁን ነው።»

እናቴ ክኒኖቹን ወደ ጋዜጣው ሰበሰበች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«በመደበቃቸውስ ልክ ነሽ» አለች። «ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ።» ተቀመጥኩ። «አባትሽ ሞቷል።»

እንዲህ ነው የሰማሁት።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ሁሴን በበራችን ባለፈ ቁጥር ክላክስ ያደርጋል፤ አይደል? ያን ቀን ብቻውን መጣ፤ ሳያደርግ አለፈ። በማግስቱ ሸምሲያ ወተት ይዛ መጣች። ሸምሲያን አውቃታለሁ። ወተት አትሰጥም።» ትንሽ ፈገግ ያለች መሰለኝ። «ዓርብ ዕለት ኩሌን ተውኩ። ዒዳ ላይ ነኝ።»

ዒዳ ባሏ የሞተባት ሴት ከጌጥና ከሽቶ ርቃ፣ ከቤቷ ሳትወጣ የምትቆይበት ጊዜ ነው። እርጉዝ ከሆነች እስክትወልድ ነው። ሰፈር ሙሉ ሰው እርግዝና ከብዷት ነው ሲል፣ እናቴ ብቻዋን ሐዘን ተቀምጣ ነበር። እኔም አይቼ አላየሁም። የፊልሙን ነገር ገልብጬ ነው ያነበብኩት። እሷ ነበረች የምታውቀው፤ ተመልካቾቹ አያውቁም።

«ለምን አትነግሪያቸውም?»

«ደግፈው ይዘውኛል። ካወቁብኝ ያለቅሳሉ። እነሱ ካለቀሱ እኔም አለቅሳለሁ። እኔ ካለቀስኩ ይሄኛው አይቆይም።» ሆዷን ነካች። «እስኪወለድ ድረስ አላውቅም። አንቺም አታውቂም። በአላህ ስም ቃል ግቢልኝ።»

ገባሁላት።

«አሁን ውሃ ስጪኝ።» አንዱን ክኒን አንስታ ቢስሚላህ ብላ ዋጠች። «ማልቀስ ሲያምርሽ ዝናብ ሲጥል ጠብቂና ቦኖ ሂጂ።»

በማግስቱ ሲስተር ስትመጣ እናቴ ቀደመቻት። «ሲስተር፣ ይቅር በይኝ። ክኒኑን ልጅቷ ትሰጠኛለች፤ እኔ እየረሳሁ አስቀምጠዋለሁ።»

«ረሳሁ!» ሲስተር ጮኸች። ቀስ ብላ የምትናገረው ሴት ጮኸች። «ሁለት ነፍስ ይዘሽ ረሳሁ? ኧረ አንቺ ሴትዮ እግዚአብሔርን ፍሪ!» ከዚያ ፊቷን አዙራ ዓይኗን በጋውኗ ጠረገች። በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። እናቴ ወደ እኔ አላየችም። እስከ ዛሬም አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም።

ከዚያ ወዲያ ክኒኑን ሳላሳልፍ ሰጠኋት። ዝናብ ሲጥል ጀሪካን ይዤ እወጣለሁ። ወረፋ ላይ ቆሜ አለቅሳለሁ። ፊቴ እርጥብ ነው፤ የሁሉም ፊት እርጥብ ነው። ጋሽ ከድር ከበሩ ላይ ያየኛል። ፊልም ጀምሯል፤ መጋረጃውም ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ ግን ወደ ቴሌቪዥኑ ማየት ትቻለሁ።

በነሐሴ አጋማሽ ሁሴን ሊጠይቀን መጣ። ሽማግሌዎቹ ልከውት ነው። ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አዴ ሸምሲያም ነበረች።

«ጀማል ሰላም ብሎሻል፣ እህቴ» አለ መሬት መሬት እያየ። «መንገዱ… መንገዱ እንደተከፈተ ይመጣል።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም በልልኝ» አለች እናቴ። «እንዴት ነው? ጤናው?»

«ደህና ነው። አልሐምዱሊላህ።»

«ምግብ ይበላል?»

«ይበላል።»

አዴ ሸምሲያ ጣልቃ ገባች። «ምን ያስጨንቅሻል፣ ፋጡማ! ወፍሮ ነው የሚመጣው። በዶሮ አንቀበለውም፤ በግ ነው የሚታረደው። ከድርም ይመጣና ይተረጉምልናል!» ብላ ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ። ሳል አስመሰለችው።

እናቴም ሳቀች። እንዴት እንደሳቀች አላውቅም። ሁሴን ውሃ ጠየቀ። ብርጭቆውን ስሰጠው ግማሹን ምንጣፉ ላይ አፈሰሰው። «ይቅርታ» አለ። እናቴ፣ «ውሃ ነው፤ ምንም አይደል» አለችው።

ልጁ ጊዜውን አልጠበቀም። ጳጉሜን ሳይገባ፣ አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ እናቴ «ዓይኔ ላይ ብልጭታ አለ» አለች። ሲስተር ጋሪ ጠራች። አዴ ሸምሲያ ጭንቅላቷን ይዛ፣ ሲስተር ክንዷን ይዛ ወደ ሆስፒታል ወጡ። እኔ በጭቃው ላይ ከጋሪው ኋላ ሮጥኩ። ጋሽ ከድር ከቪዲዮ ቤቱ ወጥቶ ያዘኝ፤ እጄን ጨብጦ እስከ ሆስፒታሉ አጥር አብሮኝ ሄደ። መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረም። እኔ ግን የማስበው ስለ ክኒኖቹ ብቻ ነበር። እነዚያን ቀኖች አላህ እንዲመልስልኝ ለመንኩት። ካልተመለሱም እኔን ውሰደኝ አልኩት።

ከሰዓት በኋላ፣ ወደ አሱር ሶላት ሲቃረብ ሲስተር ወጣች። ጋውኗ ተጨማድዷል።

«ወንድ ነው። ትንሽዬ ነው። ይተነፍሳል። እሷም ደህና ናት።»

ጋሽ ከድር እዚያው ጭቃው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ሱጁድ ወረደ። እኔም ወረድኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱጁድ ወርጄ ያን ያላስታወስኩበት ጊዜ የለም።

በሰባተኛው ቀን ሴቶቹ ስም አውጪለት አሏት። «አባቱ ይምጣና ያውጣለት» አለች። አንድ በአንድ ወደ ውጭ ወጡ።

በስምንተኛው ቀን ንጋት፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ መጡ። ወንዶቹ በረንዳ ላይ፣ ሴቶቹ ውስጥ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱም ነበሩ፤ የሲስተር ወዳጆች ናቸው። መርዶ የሚነግሩት የመስጊዱ ሐጂ ታመው ስለነበር እንዲናገር የተመረጠው ጋሽ ከድር ነው። አፍ አለው ተብሎ። ሁሴን ከኋላው ቆሟል። እናቴ አልጋው ላይ ተቀምጣ ልጁን ታጠባለች።

ጋሽ ከድር ጉሮሮውን ጠረገ። «ፋጡማ…» አለ። ከዚያ ቃል አጣ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። ቤቱ ሙሉ ሰው ወደ ወለሉ ያያል።

እናቴ ጠበቀችው። ሊመጣለት እንዳልቻለ ስታይ ቀና ብላ በትከሻው ላይ አልፋ ሁሴንን አየችው።

«ማን አጠበው?» አለች።

አዴ ሸምሲያ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች። «ያ ረቢ! ታውቂ ነበር?»

እናቴ ዓይኗን ከሁሴን አላነሳችም። «ሁሴን፣ እየጠየቅኩህ ነው። ሰባት ሳምንት ሙሉ የምጠይቀው ሰው አጥቼ ነው። ማን አጠበው? በምን ተከፈነ?»

ሁሴን በሩ ላይ ተንበረከከ። «የመንደሩ ሰዎች አጠቡት፣ እህቴ። ውሃ በግመል ከሩቅ የሚመጣበት አገር ነው። የሚጠጡትን አምጥተው አጠቡት። ከፈን አልነበረንም። አንድ ሽማግሌ ለራሱ ሞት ያስቀመጠውን ከሣጥን አውጥቶ ሰጠን።»

«ሶላት ተሰገደበት?»

«ተሰገደበት። መንደሩ ሙሉ ሰገደ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች። «ሽማግሌው ስሙ ማነው?»

ሁሴን አንገቱን ደፋ። «አልጠየቅነውም።»

እናቴ ልጁን ከጡቷ አላቃ ለሲስተር አቀበለቻት። ሁለት እጆቿን ዘረጋች። ስሙን ለማናውቀው ሰው፣ እሱም በሞተ ጊዜ የሚከፍነው እንዳያጣ፣ ለብዙ ጊዜ ዱዓ አደረገች። አሚን አልን።

ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው።